ከዋንዛው በላይ የወጣው ሣር

አያ ሰውአገኝን የማያውቅ ሰው ከአምባ ጊዮርጊስ ቁልቁል አይገኝም። ድምፁ ራሱ ከሱ ቀድሞ ነው የሚደርሰው። ሰው ሲጣላ የሚያስታርቀው እሱ፣ ድንበር ሲገፋ ድንጋዩን የሚያስመልሰው እሱ፣ ታቦት ሲወጣ ከጥላው ጎን ቀድሞ የሚገኘው እሱ ነው። ሲናገር ሰው ያደምጣል፤ ሳይናገርም ሲቀር ምን ሊል ይሆን ተብሎ ይጠበቃል። እንዲህ ያለ ሰው አንገቱን ደፍቶ ሲሄድ ማየት ለሚጠላው እንኳ ደስ አይልም። ዘንድሮ ግን ታየ። ነገሩ የመጣውም በሣር ነው፤ ሌላ ምንም አይደለም።

ቀይ አፋፍ የሚባለው ተዳፋት ከሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ፊት ለፊት ነው። በመካከላቸው ወንዝ አለ እንጂ ከቤተ ክርስቲያኑ የድንጋይ አጥር ላይ ቁጭ ያለ ሰው ተዳፋቱን ከጫፍ እስከ ጫፍ ያየዋል። መሬቱ የወል ነው፤ ሰንበሌጥ ይበቅልበታል። ዛሬ ቆርቆሮ በዛ ቢባልም የከብት ቤቱና ጎተራው የሚከደነው ያው በሰንበሌጥ ነው፤ ጎንደር ከተማ ያሉ ሆቴሎችም ግቢያቸው ውስጥ ለሚያቆሙት ጎጆ ክዳን ከዚሁ ያስጭናሉ። ጥምቀት ሳያልፍ ማጭድ አይገባበትም። ካለፈ በኋላ ሰፈሩ ነቅሎ ይወጣና በአንድነት ያጭዳል። በሦስት በሦስት ዓመት ደግሞ፣ ከታጨደ በኋላ፣ ሚያዝያ ሊያልቅ ሲል ደመናው መጣሁ መጣሁ ሲል፣ የቀረው ጉቶና ገለባ በእሳት ይጠረጋል።

ይኼን ያልለመደ ሰው ሲሰማ ይደነግጣል። ሣር ደግሞ ይቃጠላል ወይ ይላል። አዎ፣ ይቃጠላል። ሰንበሌጥ እሳት ካላገኘ በራሱ አሮጌ ገለባ ይታፈናል፤ ከሥር የሚወጣው ለጋ ፀሐይ አያይም። እሱ ሲደክም ክትክታውና አጋሙ ይገቡና ቦታውን ይወርሱታል። እሳት ያለፈ እንደሆነ ግን ቁጥቋጦው ደርቆ ይቀራል፣ ሣሩ ከሥሩ ይነሣል። ብቻ እሳቱ መሮጥ አለበት። ነፋስ ከኋላው የሚገፋው እሳት ላዩን ልሶ ያልፋል፣ ሥር አይነካም። ነፋስ ፊቱን የሚመታው እሳት ግን ይንፏቀቃል፤ አንዱ ቦታ ላይ ተኝቶ ይውልና ሥሩን ይቀቅለዋል። በዚያ ቦታ ክረምት ሲመጣ ሰንበሌጥ አትፈልጉ፤ የሚወጣው መጭና የጅብ ሽንኩርት ነው።

ስለዚህ እሳቱን የሚለኩሰው ያገኘ ሰው ሁሉ አይደለም። ነፋስ የሚያውቅ ቤት አለ፤ የአምባቸው ቤት ነው። አባቱ ይለኩስ ነበር፣ አባቱ ሲሞት ለልጁ ሰጡት። አምባቸው ሠላሳ አምስት ዓመት ቢሞላው ነው፤ ዝምተኛ፣ ሥራ ወዳድ፣ ጥሩ የምትባል ሚስት አግብቶ ሸጋ ኑሮ የሚኖር ሰው። በዚያ ላይ የሰውአገኝ የክርስትና ልጅ ነው። ሰውአገኝ በአርባ ቀኑ አቅፎት ቤተ ክርስቲያን የገባው፣ እንደ ልጁ የቆጠረው ልጅ ነው። ይኼን ያዙልኝ፤ ነገሩን ሁሉ የሚያከብደው ይኸው ነው።

ባለፈው ዓመት ሣሩ የሚቃጠልበት ተራ ደርሶ ነበር። ሰውአገኝ አይሆንም አለ። ብዙ ምክንያት ደረደረ፤ ዋናውን ግን ሆዱ ውስጥ አስቀረው። ከአፋፉ እኩሌታ ላይ አንድ ትልቅ ዋንዛ አለ፤ ቀፎዎቹን የሰቀለው እሱ ላይ ነው፤ ንቦቼ በጭሱ ይኮበልሉብኛል ብሎ ፈራ። አምባቸው ተነሥቶ ተከራከረ። ሣሩ ታፍኗል፣ ክትክታው እየገባ ነው፣ ሣሩ ራሱ እሳት እየጠየቀ ነው አለ፤ ያ ዝምተኛ ሰው ድምፁን ከፍ አድርጎ። የክርስትና ልጁ በሰው ፊት ስለተገዳደረው ሰውአገኝ በግኖ ተነሣ። ሸንጎው እንደ ልማዱ እሱ ባለው ጸና፤ ሣሩ ሳይቃጠል ቀረ።

ዘንድሮ በከተራ ዕለት ሰው ሁሉ ታቦት አጅቦ ወደ ወንዙ ታችኛ ሜዳ ወርዶ ነበር። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ተነሣ። አንዱ ዞር ብሎ ሲያይ ቀይ አፋፍ ጭስ ለብሷል። ካህናቱ ዝማሬውን አላቋረጡም እንጂ ጎልማሳው ሁሉ ሮጠ፤ ግን ምን ያደርጋል፣ ያልታጨደ፣ የአራት ዓመት ገለባ ያዘለ ሣር ነው፤ ቅጠል ይዘው ቢደበድቡት የሚመለስ አልሆነም። በማግሥቱ ጥምቀት ነበር፤ ሰው አሸብሽቦ ሲመለስ ፊት ለፊቱ ያለው ተዳፋት ከታች እስከ ላይ ከሰል ሆኖ ጠበቀው። የዓመቱ ክዳን ሳይታጨድ አለቀ። ከዋንዛው ላይ ያሉት ቀፎዎች ግን አልተነኩም፤ ሰውአገኝ ሚካኤል ነው ያተረፈልኝ ብሎ ተሳለመ።

በዓሉ ሲያልፍ ሰፈሩ ለአውጫጭኝ ተቀመጠ። አውጫጭኝ ማለት ጥፋተኛው እስኪወጣ ድረስ ማንም ወደ ሥራው የማይሄድበት፣ ማንም የማይቀርበት ሸንጎ ነው። አባወራ ሁሉ በየተራ ተነሥቶ ይምላል። መሐላው ሁለት ራስ አለው፤ እኔ አላደረግሁም፣ ያደረገውንም አላውቅም። ሁለቱንም ነው የሚሉት፤ አንዱን ብሎ አንዱን መተው የለም። ዳኛ ሆኖ የተሰየመው እንግዲህ ማን ይሆናል? ሰውአገኝ ነዋ። ዳኛ ደግሞ ያስምላል እንጂ አይምልም።

ሰው ሁሉ ማለና የአምባቸው ተራ ደረሰ። ተነሣ። አላቃጠልሁም አለ። ማል ሲሉት አልምልም አለ። ሰው ተንጫጫ። ወለተሩፋኤል የምትባለው አሮጊት፣ የማንንም ጥፋት የማታልፍ ምላሰኛ ናት፣ በጥምቀት ጠዋት ይኼን ሰው ከተቃጠለው አፋፍ ላይ ብቻውን እያጎነበሰ፣ ድንጋይ እያገላበጠ ሲዞር አይቼዋለሁ አለች። አምባቸው አላስተባበለም። ሰውአገኝ ያን ጊዜ ከመቀመጫው ተነሣ። ሣሩ እሳት እየጠየቀ ነው ያልኸን አንተ ነህ፣ የጠየቀውን ሰጠኸው አለው። ከዚያም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ከማንም እጠብቅ ነበር፣ ከክርስትና ልጄ ግን አልጠበቅሁም አለ። እንባ እንባ ብሎት ነበር። አምባቸው ቀና ብሎ አየው፤ ረጅም አየው፤ ከዚያ ተቀመጠ።

አምባቸው ከሰንበቴው ማኅበር ተባረረ። እሳት እንዳይጫርለት፣ ለደስታውም ለሐዘኑም ማንም እንዳይደርስለት ተፈረደ። ሚስቱ ጥሩ፣ ውሃ ልትቀዳ ስትወርድ፣ ሴቶቹ እንስራቸውን አንሥተው ዘወር ይሉባት ጀመር። ሁዳዴ ሳይገባ ባልና ሚስት ቤታቸውን ቆልፈው ጎንደር ገቡ፤ ቀሐ አካባቢ የቀን ሥራ ይሠራል ተባለ። ሰውአገኝ አንድ ሰሞን ቅር ቅር አለው። ኋላ ተወው፤ ወይም የተወው መሰለው።

ግንቦት ሲጋመስ ዝናቡ ጣለ። ሰፈሩ አፉን ከፍቶ ነው የጠበቀው፤ ያለጊዜው በጥር የተቃጠለ ሣር ይነሣል ወይስ አይነሣም ማንም እርግጠኛ አልነበረም። ተነሣ። አንድ እሑድ ሰውአገኝ ከቅዳሴ ወጥቶ ከአጥሩ ላይ ቁጭ አለና ነጠላውን አስተካክሎ ወደ ቀይ አፋፍ አየ። መጀመሪያ ደስ አለው። ቀጥሎ ግን ትክ ብሎ ሲያየው ሣሩ እኩል አልወጣም። ከዋንዛው በላይ ያለው ጥቅጥቅ ብሎ፣ አረንጓዴው እስኪጠቁር ድረስ ወጥቷል። ከዋንዛው በታች ያለው ደግሞ ሳስቷል፤ መጭ ነው፣ እዚህም እዚያም ቀይ የጅብ ሽንኩርት አበባ ነው። አረንጓዴው ከላይ ሰፊ ነው፤ ወደ ታች ሲወርድ እየጠበበ፣ እየጠበበ መጥቶ አንዲት ቦታ ላይ ያልቃል። ዋንዛው ሥር።

ሰውአገኝ ሣር ሲያስጠብቅ ያረጀ ሰው ነው፤ ይኼን ለማንበብ አስተማሪ አያሻውም። ያን ቀን ነፋሱ ከቆላው ወደ ላይ ነበር። እሳቱ ነፋስ እየገፋው ሽቅብ ሮጠ፣ ሥሩን ሳይነካ፤ ቁልቁል ግን ነፋሱን ተጋፍቶ እየተንፏቀቀ ወረደ፣ ሥሩን እየቀቀለ። ሽቅብ የሮጠውና ቁልቁል የተንፏቀቀው የተለያዩበት ቦታ ደግሞ እሳቱ የተወለደበት ቦታ ነው። ጥር ላይ ሁሉም ጥቁር ስለነበር አይለይም ነበር። አሁን ሣሩ ራሱ ጣቱን ቀስሮ እያሳየ ነው።

በከተራው ጠዋት ዋንዛው ሥር የነበረው ማን ነው? ለበዓሉ እንግዳ ጥቂት ማር ልቁረጥ ብሎ በማለዳ የወጣው ሰውአገኝ ነው። ኩበት አጭሶ ንቦቹን አባረረ፣ ማሩን ቆረጠ፣ ኩበቱን ከድንጋይ ላይ ጥሎ አፈር ጫር ጫር አደረገበትና ታቦቱ ሳይነሣ ልድረስ ብሎ ወረደ። ሌላም ነገር ነበር፤ እሱን ግን ያን እሑድም ቢሆን ሊያስበው አልፈለገም፤ በቦታው እናገኘዋለን። በነጠላው ጫፍ ግንባሩን ጠረገ።

ወዲያው ደግሞ ሌላው መጣበት። አምባቸው ድንጋይ እያገላበጠ የዞረው ይኼንኑ ሊያይ ነው። አላደረግሁም የሚለውን መማል አላቃተውም። ያቃተው ሁለተኛው ራስ ነው፤ ያደረገውን አላውቅም የሚለው። ያውቅ ነበራ። ያደረገውን አውቆ፣ ያደረገው ሰው ከፊቱ ዳኛ ሆኖ ተቀምጦ ማል ሲለው ነው ዝም ያለው። ሰውአገኝ ሰው ሰላም ሲለው ድምፅ አጥሮት ራሱን ብቻ እየነቀነቀ ወደ ቤቱ ሄደ። አፈረ። እንዲህ ያለ ሐፍረት ከዚያ በፊት አያውቅም፤ ሌላውን ሲያሳፍር እንጂ ራሱ ሲያፍር የኖረ ሰው አይደለም።

አሁን እንግዲህ ሲሆን ምን ይደረግ ነበር? ወዲያው ሄዶ መናገር። እሱ ያደረገውን ደግሞ ስሙ። በማግሥቱ ገና ጎሕ ሲቀድ ሁለቱን በሬዎቹን ነድቶ ወደ ቀይ አፋፍ ወጣ። ከብት የማይገባበት ወቅት ነው፤ ለጋ ሣር የሚያስበላ ይቀጣል፤ ደንቡን ያወጣው እሱ ራሱ ነው። በሬዎቹን ከዋንዛው በላይ፣ አረንጓዴው ከሚጠብባት ቦታ ላይ አቁሞ ያስግጥ ጀመር። ያቺ ጫፍ ከተበላች፣ ከተረገጠች፣ ከወንዙ ማዶ ለሚያየው ሰው ምልክቱ ይጠፋል ብሎ ነው። እስኪ አሁን ይኼ ከሽማግሌ የሚጠበቅ ነው?

ፀሐይ ስትወጣ ወለተሩፋኤል እንጨቷን ተሸክማ ከላይ ወረደች። ሰውአገኝ አያት። ይኼች ሴት የጎረቤቷ ፍየል ድንበር ብትረግጥ ሰፈሩን በጩኸት የምታናውጥ ናት። አሁን ይጀምርሻል ብሎ ጠበቃት። እሷ ግን አልጮኸችም። እንደምን አደርህ ወንድሜ አለችው። ከዚያ መሬት መሬት እያየች፣ በሬዎችህ ሸጋ ሆነዋል አለችና መንገዷን ቀጠለች።

ሰውአገኝ እዚያው እንደቆመ ቀረ። ያን ጊዜ ነው የገባው። ያቺ ሴት ያልጮኸችው ስላልተቆጣች አይደለም፣ ስላዘነችለት ነው። ያውቃሉ። ለካስ አጥሩ ላይ የተቀመጠው እሱ ብቻ አይደለም፤ ሰፈሩ ሁሉ በየሰንበቱ እዚያ ይቀመጣል፣ ሰፈሩ ሁሉ ሣር ያውቃል። ሰሞኑን ቄስ ወልደ ዮሐንስ መስቀል ሲያሳልሙት ዓይናቸውን ዘወር የሚያደርጉት ለዚህ ኖሯል። ማኅበር ላይ እሱ ሲገባ ጨዋታው ቀዝቀዝ የሚለው፣ ቦታ ሲለቁለት ከወትሮው የሚፈጥኑት ለዚህ ኖሯል። አውቀው እንዳላወቁ ሆነውለት፣ እሱ ደግሞ ከነሱ ሊደብቅ በሬ ነድቶ መጣ። መሬት ብትከፈት ይገባ ነበር። በሬዎቹን እየጎተተ ወረደ።

ለሚስቱ ለሸዋአየሁ ነገራት። ምስር እየለቀመች ነበር፤ እጇን አላቆመችም፤ እኔማ ካወቅሁ ቆየሁ አለችው። ምነው ታዲያ አልነገርሽኝም ቢላት፣ አንተ ትነግረኛለህ ብዬ ነዋ አለችው።

በሚቀጥለው እሑድ ሰንበቴው ሊበተን ሲል ሰውአገኝ ተነሥቶ ቆመ። ያ ድምፅ ጠፍቶበት ሁለት ጊዜ ጉሮሮውን ጠረገ። እሳቱ የተነሣው ከኔ ኩበት ነው፣ በወጉ አላጠፋሁትም፣ አላወቅሁም ነበር፣ አሁን ሣሩ ሲወጣ ነው ያወቅሁት፣ ይቅር በሉኝ አለና ወደ መሬት ጎንበስ አለ። አንድም ሰው አልደነገጠም። ሁሉም እግሩን እግሩን ያያል። ቄስ ወልደ ዮሐንስ ቶሎ ብለው እግዚአብሔር ይፍታህ አሉት። ሽማግሎቹ ተነሥተው አቀፉት። ሰው ነህ፣ ሰው ይሳሳታል፣ ማንም ላይ የሚደርስ ነው ተባለ። የጠላው ዋንጫ እንኳ ገና ሳያልቅ ነገሩ አለቀ።

ወለተሩፋኤል ጠጋ ብላ ትከሻውን ያዘች።

“ሣሩ ሲወጣ ሁላችንም አይተናል” አለችው። “ራስህ እስክትናገር ነው የጠበቅንህ።”

“እኔን ጠበቃችሁኝ” አለ ሰውአገኝ። “አምባቸውንስ ማን ጠበቀው?”

አንዱ ስልኩን አውጥቶ ቁጥሩ አለኝ፣ እንደውልለታለን አለ። ሌላው አዎ፣ ደውለን ና እንለዋለን አለ። ጥሩን ወንዝ ላይ የሸሿት ሴቶች ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው አቀርቅረዋል። ሰውአገኝ ይኼን ሲያይ የተሰጠው ይቅርታ አንገበገበው። ያ ምስኪን ባላጠፋው ጥፋት እሳት ተከለከለ፤ እሱ አጥፍቶ ተቃቀፈ። ስልኩን ተዉት፣ እኔ እሄዳለሁ አለ።

ማክሰኞ ጠዋት ከቤቱ ጓሮ ካለው ካብ አንድ ደህና ድንጋይ መርጦ ትከሻው ላይ አደረገና ወደ አምባ ጊዮርጊስ ወጣ። በደል ያለበት ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ነው ወደ ተበደለው ሰው ደጅ የሚሄደው፤ የተበደለው ይቅር ካለ ድንጋዩን ከትከሻው ያወርድለታል። ሌላውን ስንቴ እንዲህ አድርጎ አስታርቋል፤ እሱ ግን ተሸክሞ አያውቅም። ሚኒባሱ ላይ ረዳቱ ጎረምሳ ነው፤ አባባ ይኼ ጭነት ነው፣ ላይ ይጫን ብሎ ቀለደ። ሹፌሩ ዝም በል ብሎ ገሠጸው። ተሳፋሪውም ድንጋዩን ሲያይ ወሬውን አቆመ። አጠገቡ የተቀመጠች ሴት ቀስ ብላ የሰው ነፍስ ነው ወይ ብላ ጠየቀችው። አይደለም፣ እሳት ነው አላት። እግዚአብሔር ይርዳህ አለችውና ወደ መስኮቱ ዞረች።

ጎንደር ከመናኸሪያው እስከ ቀሐ ድረስ በእግሩ ሄደ። ባጃጅ አላሻውም። ሰው መንገድ እየለቀቀለት፣ አንዳንዱም እያማተበ አለፈ። ከፋሲለደስ መዋኛ ወዲያ ብሎ አዲስ የሚሠራ ሕንፃ ነው የነገሩት። አምባቸውን ገና ከሩቅ አወቀው። ከሌላ ሰው ጋር ባሬላ ይዞ አሸዋ ያመላልሳል፤ ከስቷል፣ ሲሚንቶ ፀጉሩን አሽብቶታል። ሰውአገኝ እበሩ ላይ ተንበርክኮ ድንጋዩን ማጅራቱ ላይ አደረገ። ሠራተኛው ሁሉ ሥራውን አቆመ።

አምባቸው ባሬላውን አስቀምጦ መጣ። ድንጋዩን ሊያወርድ እጁን ዘረጋ፤ ያደገበት ነውና አባቱ የሚሆን ሰው እንዲያ ሆኖ ማየት አልቻለም። ሰውአገኝ ግን ቀድሞ ተናገረ። ኩበቱ የኔ ነበር፣ ለሰፈሩም ተናግሬያለሁ፣ ማረኝና ወደ ቤትህ ግባ አለው።

“ኩበቱ የአንቱ እንደሆነ በማግሥቱ አውቄያለሁ” አለ አምባቸው። “ድንጋዮቹ ጥላሸት የያዙት እሳቱ በመጣበት በአንድ ጎናቸው ነበር። እሱን ተከትዬ ዋንዛው ሥር ደረስሁ።”

“ምነው ታዲያ ዝም አልህ?”

“የክርስትና አባቴን በሸንጎ ፊት ልክሰስ? ደግሞ እኔ እያወቁ የፈረዱብኝ ነበር የመሰለኝ። ከኔ ስማቸውን ወደዱ፣ እንግዲያ ይሁንላቸው አልሁ።”

“አላወቅሁም ነበር” አለ ሰውአገኝ።

አምባቸው እጁን ድንጋዩ ላይ እንዳደረገ ጎንበስ ብሎ ፊቱን አየው። አልተቆጣም። ያየው ያን ቀን በሸንጎው እንዳየው ነው፣ ረጅም።

“ምንም?” አለው። “ምንም አላወቁም?”

ያ ሰውአገኝ ሊያስበው ያልፈለገው ነገር እዚህ፣ ሰው በተሰበሰበበት ደጅ ላይ ደረሰበት። በከተራው ጠዋት ቁልቁል ሲወርድ አንድ ጊዜ ዞር ብሎ ነበር። ዋንዛው ሥር ቀጭን ጭስ ቆሟል። ልመለስ ብሎ አሰበ። ሽቅብ ነው፣ ታቦቱ ሊነሣ ነው፣ ከጥላው ጎን ያለውን ቦታውን ሌላ ሰው ይይዝበታል፤ ይከስማል ብሎ መንገዱን ቀጠለ። ከሰዓት በኋላ አፋፉ ሲጨስ ሰው ሁሉ ከየት መጣ ሲል እሱ ከየት እንደመጣ ያውቅ ነበር። ከዚያ ያንን እውቀት ገፋው። አውጫጭኙ ላይ ተቀምጦ ገፋው፤ አምባቸውን ሲፈርድበትማ በሁለት እጁ ነው የገፋው። እየገፋው ቆይቶ እውነት ያላወቀ መሰለው።

“ጭሱን አይቼ ነበር” አለ። ድምፁ ለራሱም አልተሰማውም፤ ደገመው። “ዞር ብዬ አይቼ ሄድሁ። ስፈርድብህም ልቤ ያውቅ ነበር።”

አምባቸው እጁን ከድንጋዩ ላይ አነሣ።

“ይኼንንስ ነግረዋቸዋል?”

“አልነገርኋቸውም።”

“እንግዲያ እነሱ ይቅር ያሉት የሳተ ሰው ነው” አለ አምባቸው። “ይመለሱና ይኼንን ይንገሯቸው። ያን ጊዜ እኔ ራሴ ሰፈር መጥቼ አወርድልዎታለሁ።”

ከክርኑ ይዞ አስነሣው፤ ድንጋዩ እንዳይወድቅበት በሌላ እጁ ደገፈለት። እማማ ሸዋአየሁን ሰላም ይበሉልኝ አለው። ከዚያ ወደ አሸዋው ተመለሰና ባሬላውን አነሣ፤ ሠራተኛውም ቀስ በቀስ ሥራውን ጀመረ።

ሰውአገኝ የመጣበትን መንገድ ይዞ ሽቅብ ወጣ። ፀሐዩ በርትቷል፣ ትከሻው ተልጧል። አንድ መንገደኛ አላስቻለውምና አባቴ እስኪ ትንሽ ላግዝዎት፣ አስቀምጠው ይረፉ አለው። ሰውአገኝ አመስግኖ አለፈው። ወደ ሰፈሩ ገብቶ፣ ሰው ሰብስቦ፣ ያንን ቃል በገዛ አፉ እስኪናገር ድረስ ድንጋዩን የሚያወርድለት ሰው አልነበረም።